የምርቃት ሱፍህን ሣጥን ውስጥ አትተወው፦ ለመጀመሪያ የቢሮ ሥራ ምን ልልበስ ላልከኝ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄ ደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬያለሁ። ሐምሌ 1 ጀምር ተብያለሁ። ደብዳቤው ‹ሥርዓት ያለው የቢሮ አለባበስ› ይላል እንጂ ዝርዝር የለውም። ያለኝ ሁለት ጂንስ፣ ቲሸርቶችና የምርቃት ሱፍ ነው። ሱፉን በየቀኑ ልልበሰው ወይስ ይበዛል? ስንት ሱሪ፣ ስንት ሸሚዝ ይበቃኛል? ደመወዝ እስክቀበል በእጄ ያለው ብር ትንሽ ነው። እህቴም ባሕር ዳር ሥራ ልትጀምር ስለሆነ ለሷም አንድ ሁለት ነገር ብትልልን።»

እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድምዓለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማርቆስ ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ከተቀመጥኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በዚህ ሰሞን እንዳንተ አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ሱቄ ይመላለሳሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት ልብሱን ገዝተው፣ ብሩን ጨርሰው፣ «ትንሽ አልሆነኝም» ለማለት ነው። ያን ጊዜ እኔም የማደርገው ያንሳል። አንተ ሳትገዛ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። ቢሮ ውስጥ ሰው የልብስህን ዋጋ አያውቅም። ልክህ መሆን አለመሆኑን ግን ገና ከበር ስትገባ ያየዋል። ስለዚህ በእጅህ ካለው ብር ላይ መጀመሪያ የማስተካከያውን ቀንሰህ ለብቻ አስቀምጥ። «ከተረፈኝ አስተካክላለሁ» ካልክ አይተርፍህም። ርካሽ ሱሪ ወገቡ ጠቦ፣ ርዝመቱ በልክህ ተቆርጦ፣ በካውያ ተተኩሶ ሲለበስ፣ ውድ ሆኖ ቁርጭምጭሚት ላይ ከተቆለለው ሱሪ እጅግ ይበልጣል። ይህን የምልህ ሥራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ በዓይኔ የማየው ስለሆነ ነው።

አሁን አሁን ቢዝነስ ካዥዋል የሚሉት አለባበስ በሙሉ ሱፍና በጂንስ መሀል ያለ ነው። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ የጨርቅ ሱሪ፣ የቆዳ ጫማ፣ ሲበርድ ሹራብ ወይም ኮት። ክራቫት የለበትም። ባንክ ከሆነ ይለያል፤ ደንበኛ ፊት የሚቀመጥ ሰው ክራቫትና ኮት ሊጠየቅ ይችላል። ግማሹን ሳምንት ቀበሌ ለቀበሌ የሚያዞር ሥራ ከሆነ ደግሞ ጠንካራ ካኪ ሱሪና ጭቃ የሚችል ጫማ ይቀድማል። የአንተ ሥራ ሂሳብ ነው፣ ቢሮ ነው የምትውለው፣ ስለዚህ መሀለኛው ይበቃሃል።

ወደ ምርቃት ሱፍህ ልምጣ። ይህ ልብስ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ወጪ ነው፤ በግ ተሽጦ የተገዛም አውቃለሁ። ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ እየተባለ ሣጥን ውስጥ ሲያረጅ ሳይ ያናድደኛል። ወደ ደጅ አውጣውና በፀሐይ እየው። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ለቢሮ አይሆንም፤ ለሠርግ ይቀመጥ። ደብዘዝ ያለ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከሆነ ግን አንድ ልብስ ሳይሆን ሁለት ልብስ አለህ። ሱሪውን ለብቻው በሸሚዝና በሹራብ ትለብሰዋለህ። ኮቱን ደግሞ ከሌላ ሱሪ ጋር። ሱፉ ጥቁር ከሆነ ኮቱን ከግራጫ ሱሪ ጋር አድርገው፣ ያምራል። ከጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ጋር ግን አታድርገው፤ በጨለማ ተሳስተህ ያነሳኸው ነው የሚመስለው።

ሲለያዩ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሱሪ ከኮት ቀድሞ ያልቃል፣ ቶሎም ይታጠባል። ሱሪውን ብቻ ደጋግመህ ካጠብከው ቀለሙ ከኮቱ ይለይና ተመልሶ ሙሉ ልብስ አይሆንም። ሌላ የክት ከሌለህ ሱሪውን በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አታውጣው።

ኮቱን ደግሞ ከመልበስህ በፊት እጅጌው ጫፍ ላይ የተሰፋችውን የፋብሪካ ምልክት ፍታት። ከኋላ የተሰነጠቀው ቦታ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተሰፋ ክር ካለ እሱንም ፍታው። ኪሶቹም ብዙ ጊዜ ዝግ ሆነው ይመጣሉ። ምልክቱ ሱቅ ውስጥ እንዲታይ፣ ሌላው ስፌት ደግሞ ልብሱ ከፋብሪካ ሱቅ እስኪደርስ ቅርጹን እንዳያጣ የተደረገ ነው፤ ከተገዛ በኋላ ሥራቸው አልቋል። ተመርቆ ሁለት ዓመት የሠራ ልጅ ምልክቱ እጅጌው ላይ እንዳለ ሱቄ መጥቶ ያውቃል፤ ማንም ስላልነገረው ነው። በመቀስ አትቁረጠው፣ ጨርቁን ይበላዋል። ክሩን በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ በጥሰው።

ልኩን እንዴት ታውቃለህ? ከትከሻ ጀምር። የእጅጌው ስፌት የትከሻህ አጥንት የሚያልቅበት ቦታ ላይ መዋል አለበት። ከዚያ አልፎ ከወረደ ኮቱ የሌላ ሰው ነው። ትከሻ ማስተካከል ኮቱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ማለት ስለሆነ ዋጋው ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም አያምርም። ሌላው ግን ይስተካከላል። ወገቡ ይጠባል። እጅጌው ያጥራል፤ እጅህን ወደ ታች ስታወርድ የእጅ አንጓህ አጥንት ላይ ቆሞ ሸሚዝህ ጣት የማይሞላ ያህል ብቅ ቢል ልኩ ነው። አንዷን ቁልፍ ቆልፈህ ቁም። ሆድህ ላይ እንደ ኤክስ የሚሳብ መስመር ካየህ ጠቦሃል። ማስፋት የሚቻለው ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ካለ ብቻ ነው፤ ገበሩን ገለጥ አድርገን ካላየን በስተቀር ማንም ሰፊ «ይሰፋል» ብሎ ቃል ሊገባልህ አይገባም።

ስለ ጨርቅ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ልብስን ሁላችንም ሱፍ እንለዋለን እንጂ አብዛኛው ውስጡ ሱፍ የለበትም፣ ፖሊስተር ነው። ማወቅ ከፈለግህ ከሱሪው የታችኛው እጥፋት ውስጥ አንዲት ክር ምዘዝና ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሳት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱም ብዙ አይቆይም፣ የቀረው በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ፖሊስተር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በማርቆስ ክረምት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ በሱፍ ዋጋ አትግዛው። ሲተኮስም ካውያው በቀጥታ አይንካው፤ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርሰህ ጨምቀህ ከላይ ጣል አድርግና በሱ ላይ ተኩስ። በጋለ ካውያ በቀጥታ የተተኮሰ ፖሊስተር እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ያ ደግሞ በቀላሉ አይጠፋም።

ቁጥሩን ጠይቀሃል። ሦስት ሱሪ፣ አራት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ኮት፣ አንድ ጥሩ ጫማ። ከሱፉ ሱሪና ኮት ስላለህ፣ የምርቃት ሸሚዝህም ስለሚቆጠር፣ የሚገዛው ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ ሹራብና ጫማ ብቻ ነው። ሦስቱ ሱሪ ከአራቱም ሸሚዝ ጋር የሚሄድ ከሆነ 12 ዓይነት አለባበስ ይወጣዋል፤ ከሁለት ሳምንት የሥራ ቀን ይበልጣል። እንዲሄድ ደግሞ ቀለሙን ጸጥ ያለ አድርገው። ሱሪዎቹ ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ቡና ይሁኑ። ሸሚዞቹ አንድ ነጭ፣ ሁለት ውኃ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀጭን መስመር ያለው። የአሸዋ ቀለም ካኪ ሱሪ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ሐምሌ ላይ እዚህ ከተማ ለብሰኸው ከባጃጅ ስትወርድ ምን እንደሚሆን አንተው ታውቃለህ። ጥቅምት ላይ ትገዛዋለህ።

ሱሪ ስትሞክር ቆመህ ብቻ አትሞክር። ተቀመጥ፣ ጎንበስ ብለህ ጫማህን እሰር፣ ስልክህን ኪስ ውስጥ ክተት። አንተ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነህ፤ ሲቀመጡ የሚይዝ ሱሪ እስከ ምሳ ሰዓት አያቆይህም። ጎኑ ላይ ያሉት ኪሶች እንደ ጆሮ ከተከፈቱ ዳሌህ ላይ ጠቧል። ርዝመቱ ጫማው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ታጠፍ ብሎ ይረፍ። ስታስቆርጥ ቢሮ የምታደርገውን ጫማ አድርገህ ና፤ በሸበጥ መጥተው ያስለኩኝ ልጆች ጫማ ሲያደርጉ ሱሪው አጥሮባቸው ተመልሰዋል። ለሰፊህም «ውስጡ አራት ጣት ትርፍ ተውልኝ» በለው።

የሸሚዝ ኮሌታ ቆልፈህ ሁለት ጣት ማስገባት ከቻልክ ልክህ ነው። ከውስጥ ካናቴራ ልበስ፣ ላቡን ይቀበልልሃል። ነጭ ሸሚዝ ሥር ነጭ ካናቴራ በደንብ ይታያል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው የማይታየው። ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም፣ ሞክረው ሲያዩት ግን ይገርማቸዋል።

ብትፈልግ ጨርቅ ገዝተህ ማሰፋት ትችላለህ። ለሱሪ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ጨርቅ 1 ሜትር ከ20 ወይም ከ30 ይበቃል፤ ረጅም ከሆንክ ጨመር አድርግ። ለረጅም እጅጌ ሸሚዝ በዚሁ ወርድ ወደ 1 ሜትር ከ80 ውሰድ። ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠብ፤ ተሰፍቶ ካጠረ የኔም የአንተም ድካም ከንቱ ነው።

ሰልባጅ አትናቅ። በተለይ ኮት። ከአዲሱ ፖሊስተር ኮት ይልቅ ጥሩ ሱፍ ሰልባጅ ውስጥ አግኝቼ አስተካክያለሁ። ወደ ብርሃን ዘርግተህ ብል የበላው ቀዳዳ እንዳለ እይ፤ ብብቱንና የኮሌታውን ውስጥ አሽት፤ ገበሩ ቢቀደድ አትስጋ፣ ይቀየራል። ጫማ ግን የሌላ ሰው አትግዛ። ቆዳው የዚያን ሰው እግር ቅርጽ ይዟል፣ ያንተን ያቆስላል።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የሟች ባሏን ኮት በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ልጇ ሥራ ሊጀምር ነው። ኮቱ ከባድ ግራጫ ሱፍ ነበር፤ ሰውየው ለበዓልና ለዕድር ስብሰባ ብቻ ነበር የሚለብሰው። ልጁ «የሽማግሌ ይሆናል» ብሎ ፈርቷል። አለበስኩት፣ ትከሻው ልክ እንደ ተለካለት ቁጭ አለ፤ ትከሻው የአባቱ ነው። እጅጌውን ሁለት ጣት አሳጠርኩ፣ ወገቡን ጠበብ አደረግሁ፣ ገበሩንና ቁልፎቹን ቀየርኩ። ይኸው ነበር ሥራው። መስታወት ፊት ሲቆም እናቱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ያንን ኮት እስካሁን ክረምት በመጣ ቁጥር ለብሶት አየዋለሁ። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ ተመልከት፤ የአባት፣ የአጎት፣ የታላቅ ወንድም።

ወደ ጫማ ልለፍ፣ ብርህ በርከት ብሎ የሚሄደው እዚህ ላይ ይሁን። አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ጫፉ ያልሾለ፣ ሶሉ ጎማ የሆነ። ለስላሳ የቆዳ ሶል ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል፣ ውኃም ይጠጣል። ከሰዓት በኋላ ግዛ፤ ሲውል እግር ያብጣል፣ ጠዋት ልክህ የነበረው ማታ ይጠብሃል። ቀበቶው ከጫማው ቀለም ጋር ይሁን፤ ጥቁር ከጥቁር። ክረምቱን እስክትወጣ ድረስ የኔ ምክር እንዲህ ነው፤ መንገዱን በቦቲ ሂድ፣ የቢሮውን ጫማ በፌስታል ያዝና እዚያ ቀይር። ማንም አይስቅብህም፣ ማርቆስ የሚኖር ሰው ሁሉ ጭቃውን ያውቀዋል። ከበሰበሰብህ ደግሞ ምድጃ ዳር አታድርቀው፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ጥላ ላይ አሳድረው። ሲደርቅ ቀለም ቀባው ወይም ሊስትሮ ጋ ወስደህ አስጠርገው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥም አለ። ስለዚህ ሹራብ ለአንተ ጌጥ አይደለም። አንገቱ ቪ የሆነ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ግዛ፤ የሸሚዙ ኮሌታ ከላይ ይታያል፣ ኮትም በላዩ ላይ ይደረባል። ወፍራም ሹራብ ከገዛህ ኮቱ አይገባልህም።

የእህትህ ነገር ከዚህ ይለያል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ትሞቃለች፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ይብሳል። ፖሊስተር ሸሚዝ እዚያ ላብ ይዞ ይውላል። ጥጥ ወይም ጥጥ የበዛበት ድብልቅ ትፈልግ። ከተማዋ ለጥጥ እንግዳ አይደለችም፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ ተሠርቶ ሥራ ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለሷ ሁለት የጨርቅ ሱሪ፣ ከጉልበት ወረድ ያለ አንድ ጉርድ ቀሚስ፣ አራት ሸሚዝ፣ አንድ ቀለል ያለ ኮት ይበቃታል። ጉርዱ ገበር ይኑረው፤ ያለ ገበር ጨርቁ እግር ላይ ይለጠፋል፣ በብርሃንም ያሳያል። ከመግዛቷ በፊት አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ ባጃጅ እንደምትገባ ሆና ትሞክረው። የሴት ሸሚዝ ብዙ ጊዜ ደረት ላይ በሁለት ቁልፍ መሀል ይከፈታል። ለዚያ ብላ ሰፊ ሸሚዝ አትግዛ፤ ከውስጥ በኩል አንዲት ትንሽ ስውር ቁልፍ ብናስገባበት ይዘጋል፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ተረከዙ ዝቅ ያለ የተሸፈነ ጫማ ይሻላታል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ወደ ቢሮ የምትሄድ ከሆነ ነጠላዋን አጥፋ የምታስቀምጥበት ቦርሳ ትያዝ፤ መሳቢያ ውስጥ የተጨመቀ ነጠላ ማታ አያምርም።

አጠባበቁን በአጭሩ ልበልህ። ኮት በሳፋ አታጥብ። የብዙው ኮት ደረት ውስጥ በሙጫ የተያዘ ጨርቅ አለ፤ ሲነከር ይለቅና ላዩ ይቆረፍዳል። ላውንደሪ ስጠው፣ ያውም አልፎ አልፎ። ለብሰህ ስትመለስ በብሩሽ ጠራርገህ ወፍራም መስቀያ ላይ ስቀለውና አንድ ቀን ይረፍ። ሸሚዝ ግን በለበስከው ቁጥር ይታጠብ፤ ኮሌታውን መጀመሪያ ሳሙና ቀብተህ ትንሽ አቆየው። ገልብጠህ ጥላ ላይ አስጣው፣ ፀሐይ ቀለም ይበላል።

ጂንሶችህን አትጣል፣ የመጀመሪያውን ወር ግን ቢሮ አታምጣቸው። ሰው ዓርብ ዓርብ ምን እንደሚለብስ እይ። ካንተ እኩል የተቀጠሩትንና የቅርብ አለቃህን ተመልከት፤ የሥራ ሂደት መሪው ክራቫት አሰረ ብለህ አንተም አትሰር። የቀረውን ልብስ ደመወዝ ስትቀበል፣ ካየኸው ተነስተህ ትገዛለህ። ወደፊት ሁለተኛ ኮት ሲኖርህ አንድ ጥቁር ኮት ቢሮ ብትተው ጥሩ ነው፤ ለቅሶ ሲመጣ ከቢሮ በቀጥታ ነው የሚኬደው። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ብዙ ቦታ የሀገር ልብስ ይለበሳል፤ ጥለት ያለው ሸሚዝ ካለህ አዘጋጀው።

ለመጀመሪያው ቀን የሱፉን ሱሪ በውኃ ሰማያዊ ሸሚዝና በሹራብ ልበስ። ኮቱን በእጅህ ያዘው፤ ስብሰባ ከጠሩህ ትደርበዋለህ። ሰኔ 30 ማታ ሁሉንም ልበስና ቤት ውስጥ ተራመድ፣ ተቀመጥ፣ እጅህን ከፍ አድርግ። የላላ ቁልፍ ካለ ያኔውኑ ስፋው። እስከዚያ የኮትህን ፎቶ ለብሰኸው ከፊትና ከኋላ አንስተህ ላክልኝ፤ ትከሻውን አይቼ እነግርሃለሁ።